የአክስቴ ልጆች

ልጅ ሳለሁ የዓለም ሕዝብ በሙሉ ዘመዳችን ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ትልልቅ አውቶቡሶች በራችን ላይ ይቆማሉ። ከውስጣቸው ኮፍያ ያደረጉ፣ ካሜራ ያንጠለጠሉ፣ ቋንቋቸው የማይገባኝ ሰዎች ይወርዳሉ። ግማሾቹ የአጎቴ አልጋ አጠገብ ቆመው እንባቸውን ይጠርጋሉ። እናቴ በር ላይ ሆና ሁሉንም "እንኳን ደህና መጣችሁ" እያለች ትቀበላለች። ቤትሽ መጥቶ የሚያለቅስ፣ እናትሽም ፈገግ ብላ የምታስገባው ሰው ዘመድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። እናቴ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ቤቱ ደግሞ ሙዚየም ነበር። የገዛ ቤታችን።

ከተማችን በሙዚቃ የታወቀች ናት። መግቢያዋ ላይ "ወደ ዜማ ከተማ እንኳን በደህና መጡ" የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ጎብኚ የሚዞርበት መንገድ ዛሬም ያው ነው። መጀመሪያ አሮጌው ቴአትር ቤት፣ ቀጥሎ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎቹ ሰፈር፣ ከዚያ እኔ ልጅ ሳለሁ አደባባዩ ላይ የተተከለው የአጎቴ ሐውልት። የሐውልቱ የነሐስ እጅ በጎብኚ መዳፍ ብዛት ተፍቆ ወርቅ መስሏል። መጨረሻ ላይ የእኛ ቤት። አጎቴ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። "ታላቁ" ነበር የሚሉት፤ ስሙን የሚጠራው አልነበረም። እኔም "ታላቁ" የክርስትና ስሙ ይመስለኝ ነበር።

ሲሞት ቤቱ "የሕዝብ ሆነ" አሉ። ይህችን አባባል በልጅነቴ እወዳት ነበር። አዋቂዎቹ ግን ሲሏት ለምን ድምፃቸው እንደሚወርድ አይገባኝም ነበር። ለእኛ ለቤተሰቦቹ ጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ሰጡን፤ ቀድሞ ከሰልና አሮጌ ዕቃ የሚጠራቀምባቸው ነበሩ። እዚያ ነበር የምንኖረው፤ እናቴ፣ አክስቴና እኔ። አባቴ እንደሆነ ገና ጡት ሳልጥል ነው ጥሎን የሄደው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ሥራዋ መቀመጥ ነበር። አልቀለድኩም። ጠዋት ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ሳሎን ትገባለች፣ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ከፊቷ ቀይ ገመድ ይዘረጋል። ደረቷ ላይ "የታላቁ ዘፋኝ እህት" የሚል ካርድ ለጥፈውባታል። እጇ ላይ ጥልፍ አስይዘዋታል። ጎብኚዎች ከገመዱ ወዲያ ቆመው ያዩዋታል፣ ፎቶ ያነሷታል፣ ቀስ ብለው ያልፋሉ። ማውራት አይፈቀድላትም።

ለእኔ ንግሥት ነበረች። እናቴ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትውል እሷ ትቀመጣለች። ለሌላ ለማንም ገመድ አልተዘረጋለትም። አንድ ቀን ከገመዱ ሥር ሾልኬ ገብቼ ጥልፏን አየሁ። መርፌው ክር የለውም።

"አክስትዬ፣ ክሩስ?"

"አይታይም" አለችኝ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። "ሞኝ አያየውም።"

ሞኝ ላለመባል "አየሁት፣ ቀይ ነው" አልኳት። ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። አክስቴ በሕይወቷ ጥልፍ ጠልፋ አታውቅም። ቁልፍ ቢበጠስባት እንኳ እናቴ ነበረች የምትሰፋላት። ጥልፉን ያስያዛት የሙዚየሙ ኃላፊ ነው፤ የታላቅ ሰው እህት እንዲህ ነው የምትቀመጠው ብሎ ስለወሰነ።

ይህን ኃላፊ ጓሮ ውስጥ "ሽቶ" ነበር የምንለው። እሱ ገና ደጅ ሳለ ሽታው ሳሎን ስለሚደርስ። ጉንጬን ቆንጥጦ ከረሜላ ይሰጠኝ ነበር። ጥሩ ሰው ይመስለኝ ነበር። ያንን ከረሜላ ዛሬ ባገኘው ፊቱ ላይ እተፋበት ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ አውቶቡሶቹ ከሄዱ በኋላ፣ እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ እጫወታለሁ። አክስቴ ካርዷን ከደረቷ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"ዛሬ ደግሞ አታንጎራጉሪ አለኝ እኮ! ጎብኚ ይረብሻል አለኝ። እኔ! በገዛ ልጄ!"

"እትዬ፣ ቀስ በይ። ትሰማሻለች።"

"ትስማ! ስንቱን ወልጄ፣ ስንቱን አምጬ፣ ሁሉም በእሱ ስም ተጠርቶ ቀረ። የወላድ መካን አደረጋችሁኝ!"

"እኛ ምን አደረግን?"

"አንቺማ ምን ታደርጊ? አንቺማ ተሸክመሽ መውሰድ ብቻ!"

የእናቴ ቢላ ቆመ። ዘይቱ ብቻ ነበር ድስቱ ውስጥ የሚንጫጫው።

እኔ ግን ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። አክስቴ ልጆች አሏት! ወልዳቸዋለች፣ አጎቴ ወስዶ በስሙ አስጠርቷቸዋል፣ ተሸክማ የወሰደቻቸው ደግሞ እናቴ ናት። የአክስቴ ልጆች የት ናቸው? አብሮኝ የሚጫወት ልጅ አጥቼ ከግድግዳ ጋር ኳስ ስጫወት ማን ደብቆብኝ ነው?

በማግስቱ ከጎብኚዎቹ መሀል እነሱን መፈለግ ጀመርኩ። እንደ አክስቴ አፍንጫው ሰልካካ የሆነ ልጅ ባየሁ ቁጥር እከተለዋለሁ። አንዷ ሴትዮ ልጇን የምሰርቅባት መስሏት በጃንጥላ ገፋችኝ። በመጨረሻ እናቴ ሳታይ ራሷን አክስቴን ጠየቅኋት።

"አክስትዬ፣ ልጆችሽ የት ናቸው?"

ዓይኗን ከመስኮቱ ወደ እኔ መለሰች። ከጣሪያው ጥግ፣ ከድምፅ ማጉያው፣ የአጎቴ ዘፈን ይሰማል። ያው ሁሉም የሚያውቀው፣ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም የሚዘፈነው የመንገደኛው ዘፈን። አክስቴ በአገጯ ወደ ማጉያው ጠቆመችኝ።

"ያውልሽ። የመጀመሪያው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ እንዳስጮሁት።"

የማጉያው ሽቦ በግድግዳው ላይ ተጉዞ ከሳሎን ጀርባ ወዳለች ጠባብ ዕቃ ቤት ይገባል። የዕቃ ቤቷ በር ሁልጊዜ ይዘጋል፤ ቁልፉ ያለው ዘበኛው ጋ ነው። ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። የአክስቴን ልጅ እዚያ ቆልፈውበታል፤ ቀኑን ሙሉ ያስዘፍኑታል። ድምፁ እንደ ትልቅ ሰው የወፈረው ከመጮህ ብዛት ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁርሴን ግማሹን እየቆረስኩ በበሩ ሥር አስገባለሁ። ዳቦው ይጠፋል። ስለዚህ ይበላል። ስለዚህ ልጁ አለ። ዘበኛው ጡረታ ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ አግኝቼው ይህን ባወራለት ግንባሩን መታ። "አንቺ ነበርሽ እንዴ? እኔ እኮ እግዜር ቁርስ የሚያደርስልኝ መልአክ የመደበልኝ መስሎኝ ጸሎት አብዝቼ ነበር!" ሳቅን። የዚያን ቤት ነገር አንስቼ የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ያ የተረገመ ቀን መጣ። የሐውልቱ ምርቃት ነበር። ከአደባባዩ መልስ ትልልቅ እንግዶች፣ ጋዜጠኞች፣ ካሜራ የተሸከሙ ሰዎች ወደ ቤታችን መጡ። ሽቶ አዲስ ኮት ለብሷል፤ ከወትሮው አብልጦ ተቀብቷል። እናቴ በር ላይ ቆማለች፤ ሰማያዊ ካፖርቷ በካውያ ተተኩሷል። የመንገደኛው ዘፈን ከማጉያው እየጮኸ ነው። እኔ በአዋቂዎች እግር መሀል ሾልኬ ገመዱ ጋ ደርሻለሁ።

አንዲት ጋዜጠኛ ለአክስቴ ማይክሮፎን ዘረጋችላት። ማውራት እንደማይፈቀድላት የነገራት የለም መሰለኝ።

"እማማ፣ ወንድምዎ ይህን ዘፈን ሲደርሱ እርስዎ የት ነበሩ?"

አክስቴ ጥልፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሽቶ "እሳቸው አይናገሩም፣ ትንሽ ደክሟቸዋል..." ማለት ሲጀምር ተነሳች። ገመዱን ከመንጠቆው አውልቃ ወለል ላይ ጣለችው።

"ኩሽና ነበርኩ" አለች። "ሽንኩርት እየላጥኩ። ይሄን የወለድኩት እኔ ነኝ። ግጥሙንም ዜማውንም። ወንድሜ ድምፅ ነበረው፤ ድምፁን አልነፍገውም። ልጁ ግን የእኔ ነው። ሁሉም የእኔ ናቸው!"

እኔ ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለገኝም። ወለድኩት አለች! በሰው ሁሉ ፊት! እንግዲህ መደበቅ ቀረ፣ ልጁ ይውጣ። ወደ ዕቃ ቤቷ ሮጥኩ። ዘበኛው ወሬውን ሊያይ መጥቶ በሩን ክፍት ጥሎት ነበር። በርግጄ ገባሁ።

ልጅ የለም። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ግራጫ ማሽን ነው ያለው። ሁለት ክቦች ቀስ እያሉ ይዞራሉ፣ ቡናማ ክር ከአንዱ ወደ ሌላው ይጠመጠማል። ወለሉ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ልጁን ይህ ማሽን የበላው መሰለኝ። ሽቦውን በሁለት እጄ ይዤ ነቀልኩት።

ቤቱ በአንዴ ጸጥ አለ። እዚያ ቤት ውስጥ ዘፈን ሲቋረጥ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጸጥታው ውስጥ የሽቶ ድምፅ ከሳሎን ጠርቶ ተሰማኝ።

"ይቅርታ እንግዶቻችን። ታናሽ እህታቸው እዚሁ አሉ፤ አብረው ነው ያደጉት። እሳቸው ይንገሩን። እውነት ነው?"

አንድ ሰው አሳለ።

"አሟታል" አለች እናቴ። "ወንድማችን ከሞተ ጀምሮ ልክ አይደለችም። ይቅርታ አድርጉላት።"

ከዕቃ ቤቷ ስወጣ አክስቴ እናቴን እያየቻት ነበር። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ሰው የገዛ ቤቱን በር አንኳኩቶ የማያውቀው ሰው ሲከፍትለት እንደሚያየው ነው ያየቻት። እናቴ ደግሞ የትኬቱን ቁራጭ በጣቶቿ መሀል እየጠቀለለች ነበር። እኔ ምን ተሰማኝ? እፎይ አልኩ። አሟት ከሆነ ሐኪም አለ፤ መርፌ ወግተዋት ትድናለች። ልጅም ያልነበራት አሟት ስለሆነ ነው። የእናቴ አንድ ቃል የተበተነብኝን ነገር ሁሉ ሰበሰበልኝ። ትልቅ ሰው ሲዋሽ ለልጅ እንዲህ ነው የሚመቸው።

በሳምንቱ አክስቴን "ለሕክምና" ወሰዷት። የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ስትወጣ ወደ ጓሯችን አልመለሷትም፤ ከከተማው ጫፍ፣ የቆዳ ፋብሪካው አጠገብ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ኖረች። እናቴ "እረፍት ያስፈልጋታል" እያለች አልወሰደችኝም። ሳሎን ውስጥ በእሷ ቦታ ከሰም የተሠራች ሴት አስቀመጡ። ጥቁር ቀሚሷን አልብሰው፣ ካርዷን ለጥፈው፣ ጥልፏን አስይዘው። ጎብኚዎቹ እንደ ቀድሞው ፎቶ አነሱ። ልዩነቱን ያስተዋለ አልነበረም።

አክስቴ የሞተችው እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ቀብሯ ላይ እፍኝ የማንሞላ ሰዎች ነበርን። ሽቶ የአበባ ጉንጉን ልኮ ነበር፤ ሪባኑ ላይ "ለታላቁ ዘፋኝ እህት" ይላል። ሞታ እንኳ ካርዱን አልነቀሉላትም! ለአጎቴ አኮርዲዮን ይጫወት የነበረ አንድ ሽማግሌ ሪባኑን አንብቦ ወደ እናቴ ዞረ። እኔ እጇን ይዤ አጠገቧ ነበርኩ።

"አንቺ አይደለሽም እንዴ ዘፈኖቹን በቃልሽ ይዘሽ ስቱዲዮ ታደርሺልን የነበርሽው? ባለ ሁለት ሹሩባ ልጅ ሆነሽ? 'እትዬ ይችን ጨርሳለች' እያልሽ አልነበረም እንዴ ደረጃውን የምትወጪው?"

እናቴ እጇን ከእጄ አውጥታ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ያን ዕለት ቀሪውን ሽማግሌው ነገረኝ፤ ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። አያቴ "ዘፋኝ ሴት ከእኔ ቤት አትወጣም" ብሎ አክስቴን ከደጅ ከልክሏት ኖሯል። እሷ ኩሽና ሆና ዘፈን ትደርሳለች፣ ትንሿ እናቴ በቃሏ ትይዛለች፣ ሮጣ ለአጎቴ ትሰጣለች፣ አጎቴ ይዘፍናል። አባታቸው እስኪሞት ድረስ ነበር ስምምነቱ። አባታቸው ሲሞት ግን ወንድሟ ታላቁ ሆኗል። "ትንሽ ታገሺ" አላት። ትንሽ ታገሺ እንዳላት እሱም ሞተ። ከዚያ ከተማው መጣ፤ ሰሌዳውን፣ ሐውልቱን፣ አውቶቡሱን ይዞ። አክስቴ እናቴን "ተሸክመሽ መውሰድ ብቻ" ያለቻት ለዚህ ነው። በዚያ ሳሎን ውስጥ እውነቱን በእጇ ተሸክማ የምታውቅ አንዲት ሰው ብትኖር እናቴ ነበረች።

ከቀብር መልስ ያልኳትን እዚህ አልደግመውም። ልጅ ለእናቷ የማትለው ነው። እሷ አንድ ነገር ብቻ ነው የመለሰችልኝ።

"ከዚያ ግቢ ቢያስወጡን አንቺን ይዤ የት እወድቅ ነበር?"

"እሷስ የት ወደቀች?" አልኳት።

አደግኩ፣ ከቤት ወጣሁ፣ የራሴን ኑሮ መሠረትኩ። እናቴን እጠይቃታለሁ፤ መድኃኒቷን እገዛለሁ፣ ሐኪም ቤት አደርሳታለሁ። ስለ አክስቴ ግን በመካከላችን ቃል አልተነሳም። እኔም ይቅር አላልኳትም። ሰዎች "እናት ናት፣ ተያት" ይሉኛል። እናት መሆኗን ማን ካደ? የካደችው እሷ ናት፤ የካደችውም እህቷን ነው።

ባለፈው ወር ግን፣ ፀጉሯን እያበጠርኩላት ሳለ፣ "ነገ ወደዚያ ቤት ውሰጂኝ" አለችኝ።

"ለምን?"

"ውሰጂኝ አልኩሽ።"

ወሰድኳት። ከጡረታ በኋላ ረግጣው አታውቅም። በር ላይ የነበረችው ልጅ አላወቀቻትም። ሳሎን ውስጥ አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ ተሰብስቧል። አንዲት ወጣት አስጎብኚ በሰሟ ሴት ፊት ቆማ፣ "ታላቁ ዘፈን በሚደርሱበት ሰዓት እህታቸው እዚህ ተቀምጠው፣ ጥልፍ እየጠለፉ፣ በዝምታ ያዳምጡ ነበር" ትላለች። ጥርሴን ነከስኩ።

እናቴ ክንዴን ለቀቀችኝ። ሰዎቹን በሁለት እጇ እየከፈለች ፊት ወጣች፣ ጀርባዋን ለሰሟ ሴት ሰጥታ ቆመች።

"ውሸት ነው" አለች። "እህቴ አዳማጭ አልነበረችም። ዘፈኖቹ የእሷ ናቸው፤ ግጥሙም ዜማውም። እሱ ድምፁን ነው ያዋጣው። እኔ በቃሌ ይዤ አደርስለት ነበር። እዚህ ቤት ውስጥ ተነስታ እውነቱን ስትናገር አሟታል ያልኩት እኔ ነኝ። አላመማትም ነበር። ዋሽቼ ነው። እያወቅኩ ዋሽቼ ነው!"

አስጎብኚዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ከጎብኚዎቹ ጋር የመጣው አስተርጓሚ በሹክሹክታ ነገራቸው። ነግሯቸው ሲጨርስ ኮፍያ ያደረገ አንድ ሰውዬ ማጨብጨብ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሁሉም አጨበጨቡ። የጉብኝቱ አካል መስሏቸዋል! አንዲት ሴት "ግሩም ተዋናይት ናቸው" አለች ብሎ አስተርጓሚው ራሱ እየሳቀ ነገረን። ሌላዋ ካሜራዋን አውጥታ ከእናቴ ጎን ልትቆም ተጠጋች።

"አታጨብጭቡ!" ብዬ ጮኽኩ። "ምን ያስጨበጭባችኋል? ሰው ተገድሎ እኮ ነው!"

ይበልጥ አጨበጨቡ።

ባገኝ አንድ ነገር አንስቼ እወረውር ነበር። አስጎብኚዋ ፊቷ ቀልቶ "ይቅርታ... ወደሚቀጥለው ክፍል እንለፍ" አለችና ይዛቸው ወጣች። ሳሎኑ ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ቀረን። እናቴ ቀስ ብላ ወደ በሩ ሄደች፣ ግድግዳውን ይዛ ደፉ ላይ ተቀመጠች። የምትወድቅ መስሎኝ ሮጥኩ።

"ተነሺ እማዬ፣ እንሂድ። አልሰሙሽም እኮ። ተነሺ!"

"እነዚህ አልሰሙም" አለች።

አስጎብኚዋ እንግዶቿን አስገብታ ለብቻዋ ተመለሰች። ከእኔ ዓይን ሸሽታ እናቴ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

"እማማ... ያሉት እውነት ነው?"

"ልጄ፣ ቀጣዩ አውቶቡስ መቼ ነው የሚመጣው?"

ልጅቷ እኔን አየች፤ እሷን አየች።

"ከምሳ በኋላ ነው፣ እማማ።"

"እንግዲያው እጠብቃለሁ" አለች እናቴ፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጀርባዋን አቃናች።